አዲስ ነገር አለ? አዲስ ነገር አለ? አዲስ ነገር አለ?

ጅማ ላይ ሶፍትዌር የሚሠሩና የሚማሩ ልጆች በጠሩት የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ከቀረጻው ላይ ገለበጥኩት። «እ…» እያልኩ የተንተባተብኩበትን ብቻ ዘልያለሁ።

እንደምን ዋላችሁ? አካም ጂርቱ?

ድምፄ ኋላ ድረስ ይሰማል? ጥሩ። በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የጅማ ዝናብ ሲጀምር ቀልድ አያውቅም። እኔ ከአጂፕ ሰፈር እዚህ እስክደርስ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ነው የራስኩት። እና ትንሽ ብንቀጠቀጥ ፍርሃት አይምሰላችሁ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁና እንጀምር። የማትሪክ ውጤታችሁ የወጣበትን ቀን የምታስታውሱ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ሁላችሁም! ገጹን ስንት ጊዜ ከፈታችሁት? አስር? ሃምሳ? «እስኪነጋ» ያለው ማነው? እሺ፣ እስኪነጋ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ውጤቱን ያገኛችሁት ስንት ጊዜ ነው? አንድ ጊዜ። አንድ ጊዜ ብቻ። የቀረው ሁሉ «ገና ነው» የሚል መልስ ነው። ሰርቨሩን ያደከመው ውጤቱ ነው? አይደለም። ያደከመው «ገና ነው» ነው። እኔም ዛሬ የመጣሁት ስለ «ገና ነው» ላወራ ነው።

ፊድ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ባጭሩ ልበል። አንድ ድረ ገጽ አዲስ የለጠፈውን ሁሉ ርዕሱን፣ ሊንኩን፣ ቀኑን ደርድሮ፣ ማሽን እንዲያነበው አድርጎ የሚያስቀምጥበት ፋይል ነው። አርኤስኤስ የሚባለው በፈረንጆቹ 1999 ከድሮው ብራውዘር ሠሪ ከኔትስኬፕ ወጣ። አቶም የሚባለው ታናሽ ወንድሙ በ2005 ጸደቀ። «ያ የሞተ ነገር አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። የጎግል የፊድ ማንበቢያ የነበረው ጎግል ሪደር በ2013 ሲዘጋ ብዙ ሰው አርኤስኤስንም አብሮ ቀብሮታል። ግን ፖድካስት የሚሰማ ሰው እዚህ አለ? ያው ነው፣ በአርኤስኤስ ነው የሚደርሳችሁ።

የፊድ ጠባይ ግን ምንድን ነው? ዝም ብሎ ቁጭ ይላል። አይጮኽም፣ አይጣራም። አዲስ ነገር ቢኖረውም «ኑ» አይልም። አንባቢው ነው እየተመላለሰ የሚያንኳኳው። «አዲስ ነገር አለ?» «የለም።» «አሁንስ?» «የለም አልኩህ!»

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛው ስለ አጠያየቅ፣ ሁለተኛው ስለ ሰዓት፣ ሦስተኛው ስለ ጡሩምባ። ጡሩምባው ምን እንደሆነ ስንደርስ ታዩታላችሁ። ከዚያ በፊት ግን ገመናዬን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቡና አቅራቢዎች አንድ አፕ ሠራሁ። ጅማ ላይ ተቀምጦ ሌላ ለማን ይሠራል? የጠዋት ዋጋ፣ የጨረታ ማስታወቂያ፣ «ነገ ርክክብ የለም» ምናምን የሚለጠፍበት ነው። በቀን አራት ጊዜ ቢለጠፍ ነው። ተጠቃሚው 300 ሰው ያህል ነበር። እኔ ደግሞ ጎበዝ ነኝ ባይ! ዋጋ እንዲዘገይባቸው አልፈለግሁም። ስለዚህ አፑ በየደቂቃው ሰርቨሩን እንዲጠይቅ አደረግሁት። በየደቂቃው! ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ አጋሮ ሄድኩ። ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ ሀጂ መጡ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ስልካቸውን አወጡ። መስተዋቱ ጥጉ ላይ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዟል።

«ልጄ፣ ይሄን ነገር የሠራኸው አንተ ነህ አሉኝ?»

«አዎ ሀጂ» አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምስጋና ነበር የጠበቅሁት።

«ቡናዬን ሳልሸጥ ካርዴን ጨረስክብኝ እኮ! ጠዋት ጥቅል እገዛለሁ፣ ዙሁር ሳይደርስ የለም። ልጆቼን ተቆጣሁ። ፊልም እያያችሁበት ነው ብዬ በከንቱ ተቆጣኋቸው።»

«እስቲ ሀጂ፣ ይስጡኝ ልየው» ብዬ ተቀበልኳቸው። ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ፣ ዳታ የሚበሉትን ዝርዝር ከፈትኩ። ከላይ አንደኛ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የኔ አፕ። ከፌስቡክ በላይ! እዚያው ላብ አጠመቀኝ። ሀጂን ይቅርታ ጠየቅሁ። የሻዩን ልክፈል ብል እሳቸው ቀድመውኝ ከፍለዋል። ይሄ ነው የባሰው።

ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ሒሳቡን ሠራሁት። ፊዱ 60 ኪሎባይት ነው። ለምን 60? የመጨረሻዎቹን 50 ማስታወቂያዎች ከነሙሉ ጽሑፋቸው ስለደረደርኩበት። ቀን 1,440 ደቂቃ አለው። 60 በ1,440 ስታባዙ፣ አንድ ስልክ በቀን 86 ሜጋባይት ይበላል። ለአራት መስመር ወሬ! ወደ ሰርቨሩ ስትዞሩ ደግሞ 300 ሰው በ1,440 ነው። በቀን 432,000 ጥያቄ። ከሰርቨሯ የሚወጣው ወደ 26 ጊጋባይት። ሰርቨሯ ደግሞ አንድ ጊጋባይት ራም ያላት ምስኪን ነች። ለሰው ሁሉ በየደቂቃው ከዳታቤዝ እያወጣች አዲስ አድርጋ ትሠራለች። ያው 50 ማስታወቂያ። ያው!

432,000 ጊዜ «አዲስ ነገር አለ?» ተባለች። አዲሱ ነገር አራት ነው።

ለመጽናናት ያህል፣ እኔ ብቻ አይደለሁም። በፈረንጆቹ ጁላይ 2008 በአንድ ቀን ውስጥ ፍሬንድፊድ የተባለው አገልግሎት የፎቶ ማስቀመጫውን ፍሊከርን 2.9 ሚሊዮን ጊዜ ጠየቀው። የ45 ሺህ ያህል ሰዎችን አዲስ ፎቶ ለመከታተል ነው። ከእነዚያ ሰዎች ውስጥ በዚያ ቀን ፍሊከር ውስጥ የገቡት ግን 6,700 ገደማ ናቸው። ፎቶ መለጠፋቸውን አላልኩም፣ መግባታቸውን ብቻ። የቀሩት ምናልባት ልብስ እያጠቡ ነበር። ግን ለእያንዳንዳቸው ከ60 ጊዜ በላይ በራቸው ተንኳኳ።

እሺ፣ አንደኛው ነጥብ። አጠያየቅ።

ሱቅ ሄዳችሁ ባለሱቁን «ያለህን ዕቃ ሁሉ አውጥተህ ቁጠርልኝ» ትላላችሁ? በየደቂቃው? ያባርራችኋል። «ትናንት ካየሁት የተጨመረ አለ?» ነው የሚባለው። ኤችቲቲፒ፣ ማለትም ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ይሄን አጠያየቅ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያውቀዋል። እኛ ነን የማንጠቀምበት።

እንዲህ ነው የሚሠራው። ሰርቨሩ ፊዱን ሲሰጣችሁ ኢታግ የሚባል አጭር ምልክት ይለጥፍበታል። እናንተ ምልክቱን ታስቀምጣላችሁ። በሚቀጥለው ስትመጡ ኢፍ-ነን-ማች በሚባለው መስመር «እኔ ጋ ይቺ ምልክት አለች፣ ተቀይሯል?» ትላላችሁ። ካልተቀየረ ሰርቨሩ 304 ብቻ ይመልሳል። ፋይል የለም፣ ዝርዝር የለም። 304 ማለት «ያው ነው» ማለት ነው። ጥቂት መቶ ባይት ነው። በኢታግ ፈንታ ፋይሉ የተቀየረበትን ቀን አይቶ የሚሠራውም አለ፣ ላስት-ሞዲፋይድ ይባላል። ሁለቱንም ብትልኩ አይጎዳም።

300 ባይት ነው ብላችሁ ውሰዱት። ያ 26 ጊጋባይት ወደ 130 ሜጋባይት ይወርዳል። የጥያቄው ብዛት አልቀነሰም፣ ልብ በሉ። አሁንም 432,000 ነው። መልሱ ብቻ ነው ያጠረው።

እና እኔ ምን አደረግሁ? ከአጋሮ እንደተመለስኩ በዚያው ሌሊት ኢታግ ጨመርኩ። ጠዋት ተነስቼ ሎጉን፣ ሰርቨሯ የመለሰችውን ሁሉ የምትመዘግብበትን፣ አየሁ። 200፣ 200፣ 200፣ 200። 200 ማለት «ሙሉውን ይኸው» ማለት ነው። አንድም 304 የለም። አንድም! ኮዱን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት፣ ልክ ነው። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ከፍቼ አየኋቸው። ምን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? ከፊዱ ራስ ላይ «ይህ ፊድ የተዘጋጀበት ሰዓት» የሚል መስመር አስገብቻለሁ። ከነሰከንዱ። ስለዚህ በተጠየቀ ቁጥር ሰዓቱ ይቀየራል፣ ሰዓቱ ሲቀየር ምልክቱ ይቀየራል። ሰርቨሯ በየሰከንዱ «አዎ፣ አዲስ ነገር አለ!» እያለች ትዋሻለች። አዲሱ ነገር ሰዓቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው ፊድ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ይቺን መስመር ነው። ብታምኑም ባታምኑም ብዙ ቦታ አግኝቻታለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። 304 መመለስ ብቻውን ሰርቨሩን አያሳርፍም። ለምን? ምልክቱን ለማውጣት ብላችሁ ፊዱን ከዳታቤዝ ሙሉውን የምትሠሩት ከሆነ ልፋቱ ያው ነው። መንገዱ ላይ ነው እንጂ ማድቤት ውስጥ ምንም አላተረፋችሁም። ፊዱን እንግዳ በመጣ ቁጥር አትጋግሩት። ማስታወቂያ ሲለጠፍ አንዴ ጋግራችሁ በፋይል አስቀምጡት። ከዚያ ኢንጅንኤክስ የሚባለው የሰርቨር ፕሮግራም ራሱ ያድለዋል፣ ኢታጉንም ራሱ ያወጣል። የናንተ ኮድ ይተኛ። ጂዚፕ የሚባለውን መጭመቂያም አብሩ። ጽሑፍ በጣም ይጨመቃል። ይሄን ላብራራው አልሄድም፣ አንድ መስመር ነው።

ሁለተኛው ነጥብ። ሰዓት።

432,000 በቀን ለሰከንድ ሲካፈል ስንት ይመጣል? አምስት። ልክ አምስት። በሰከንድ አምስት ጥያቄ ደግሞ ምን ያህል ነው? ምንም አይደለም። ስልካችሁ ራሱ ይችለዋል። ታዲያ ሰርቨሬ ለምን ትወድቃለች?

ምክንያቱም በአማካይ አልመጡም። አፑን የሠራሁት ሰዓት አይቶ፣ ሰከንዱ ዜሮ ላይ ሲደርስ እንዲጠይቅ አድርጌ ነው። 300ውም ስልክ አንድ ላይ ይመጣል። ከዚያ 59 ሰከንድ ጭር ይላል። ከዚያ እንደገና 300። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መርካቶ ታክሲ ይዛችሁ ታውቃላችሁ? ቀኑን ሙሉ ባዶውን ሲዞር የዋለ ታክሲ በዚያች ሰዓት አይገኝም። የታክሲው ቁጥር አልቀነሰም። ሰው አንድ ላይ ወጣ እንጂ።

መፍትሔው ሞኝ የሚመስል ነገር ነው። በየደቂቃው መጠየቁ ይቅርና እያንዳንዱ ስልክ የራሱን ደቂቃና ሰከንድ በዕጣ ያውጣ። አንዱ 3 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ላይ ይመጣል፣ ሌላው 11 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ላይ። በቃ። ክሮን፣ ማለትም በሰዓቱ ራሱ የሚነሳ ሥራ፣ የምትጽፉ ልጆች፣ እባካችሁ ሁሉንም ነገር ዜሮ ደቂቃ ላይ አትጻፉ። የዓለም ፕሮግራመር ሁሉ ዜሮ ደቂቃ ይወዳል። 37 ምን አደረገ?

የባሰው ደግሞ መቼ ነው? መብራት ሄዶ ሲመጣ! ሰፈር ውስጥ መብራት ሲመጣ ምን ይሆናል? የሁሉም ቤት ፍሪጅ ይነሳል፣ የሁሉም ቤት ምጣድ ይሰካል። ከዚያስ? ድርግም! ተመልሶ ይሄዳል። ሰርቨርም እንዲሁ ነው። አስር ደቂቃ ከወደቀች፣ ስትነሳ አስር ደቂቃ ሙሉ የተጠራቀመው ሁሉ በሯ ላይ ይጠብቃታል። ገና ዓይኗን ሳትገልጥ መልሰው ይጥሏታል። ስለዚህ መልስ ያጣ አፕ በየሰከንዱ መነዝነዝ የለበትም። አንድ ደቂቃ ይጠብቅ። ካልሆነ ሁለት። ካልሆነ አራት፣ ስምንት። በዚያ ላይ ትንሽ ዕጣ ይጨመርበት። ሰርቨሩ ራሱ 429 («አበዛኸው») ወይም 503 («አሁን አልችልም») ብሎ «ሪትራይ-አፍተር» የሚል መስመር ከላከ ደግሞ በግልጽ አማርኛ «ከዚህን ያህል ሰከንድ በኋላ ና» ማለቱ ነው። መከበር አለበት። ብዙ አፕ አያከብረውም። ይሄ ነውር ነው።

ፊዱም የራሱን ሰዓት መናገር ይችላል። አርኤስኤስ ውስጥ «ቲቲኤል» የሚባል አለ። «ለዚህን ያህል ደቂቃ አትመለሱ» ነው የሚለው። «ስኪፕ-አወርስ» የሚባልም አለ፣ በእነዚህ ሰዓቶች አትምጡ ለማለት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የቡና ዋጋ የሚለጥፍ ማን አለ? ግን ሰዓቱ በግሪንዊች ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ሞልታችሁ ጉድ እንዳትሆኑ። ከሁለቱ ይልቅ ኤችቲቲፒ ላይ ያለው ካሽ-ኮንትሮል፣ «ይሄ መልስ ለዚህን ያህል ጊዜ ያገለግላል» የሚለው፣ ሰሚ አለው። እሱን አስቀድሙ።

ስለ ሰዓት ሳወራ ዶርም ትዝ አለኝ። ተማሪ ሆነን ውጤት በወረቀት ነበር የሚለጠፈው። ቦርዱ ከዶርማችን ሩቅ ነው። ስምንት ነን። መጀመሪያ ስምንታችንም እንሄድ ነበር፣ በቀን ሦስት ሦስት ጊዜ። ጭቃውን አስቡት። በኋላ አንዱ «ለምን በተራ አንሄድም?» አለ። አንድ ልጅ ይሄዳል፣ የስምንታችንን መታወቂያ ቁጥር በእጁ መዳፍ ላይ ጽፎ። ቦርዱ ጋ ያለው ግፊያ ወደ አንድ ስምንተኛ ወረደ። የፊድ ሰብሳቢ አገልግሎቶች የሚሠሩት ይሄንኑ ነው። ሺህ ሰው ያንተን ፊድ ቢከታተል፣ እነሱ አንዴ መጥተው ይወስዱና ለሺሁ ያድላሉ። ጨዋዎቹ ሲመጡ «ለዚህን ያህል ተመዝጋቢ ነው የመጣሁት» ብለው ስማቸው ላይ ይጽፋሉ። ሎጋችሁን ብታዩት ታገኙታላችሁ። የኛ ልጅ ግን አንድ ቀን እጁን ታጥቦ የሁለታችን ቁጥር ጠፋ። ለሁለት ቀን የወደቅን መስሎን ነበር።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ። ጡሩምባ።

ሰፈር ውስጥ ሰው ሲያርፍ ምን ይደረጋል? ሐዘንተኛው ቤት ለቤት እየዞረ ይናገራል? አይናገርም። አይችልምም። ለእድሩ ዳኛ ይነገራል። ዳኛው ጡሩምባ ነፊውን ይጠራል። ጡሩምባ ነፊው ጎህ ሳይቀድ ይዞራል። ከጎረቤት ደግሞ ማንም በየጠዋቱ ተነስቶ «ዛሬ ሰው ሞቷል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም ተኝቷል። ጡሩምባው እስኪነፋ ይተኛል።

ዌብሰብ ማለት ይሄው ነው። ድሮ ፐብሰብሀባብ ነበር ስሙ። ምላስ ይሰብራል። ጎግል ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ብራድ ፊትዝፓትሪክና ብሬት ስላትኪን ከሌሎች ጋር ሆነው በ2009 አወጡት። በ2018 ዌብሰብ ተብሎ የድረ ገጽ ደረጃ የሚያወጣው የደብሊውስሪሲ ደረጃ ሆነ። ፊዱ ውስጥ አንድ መስመር ይጻፋል፣ «የኔ ሀብ እገሌ ነው» የሚል። ሀቡ ዳኛውም ጡሩምባ ነፊውም ነው። ተመዝጋቢው ሀቡ ጋ ሄዶ «እዚህ ፊድ ላይ አዲስ ነገር ሲኖር በዚህ አድራሻዬ ንገረኝ» ይላል። ድረ ገጹ አዲስ ነገር ሲለጥፍ ለሀቡ አንድ ጊዜ ይናገራል። አንድ ጊዜ! ሀቡ ፊዱን ወስዶ ለሁሉም ያደርሳል። አስር ሺህ ተመዝጋቢ ቢኖር ልፋቱ የሀቡ ነው። ድረ ገጹ ተኝቷል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ጡሩምባ ነፊው ምን ብሎ ነው የሚነፋው? «የእገሌ እናት አርፈዋል፣ ቀብር 6 ሰዓት፣ እዚህ ቦታ» ይላል። ይሄን ሳይናገር ጡሩምባውን ነፍቶ ብቻ ቢሄድስ? ሰፈሩ ሁሉ በጋቢው ወጥቶ ሐዘንተኛው በር ላይ ይሰበሰባል። «ማነው? ማነው የሞተው?» እያለ። ከዌብሰብ በፊት አርኤስኤስክላውድ የሚባል ነበር። በ2000 የወጣው አርኤስኤስ ውስጥ ነው መስመሩ የገባው። እሱ «ተቀይሯል» ብቻ ብሎ ነበር የሚያሳውቀው። ምን እንደተቀየረ አይናገርም። ያን ጊዜ የተነገረው ሁሉ ተነስቶ አንድ ላይ ሰርቨሩ ላይ ይዘምታል። መብራት ሲመጣ እንደሚሆነው! እንግዲህ ከመንኳኳት ሊያድናችሁ የመጣው ነገር ራሱ በራችሁን ሰበረው ማለት ነው። ዌብሰብ ግን ወሬውን ራሱን ይዞ ነው የሚሄድ።

«ሰው በሐሰት ቢመዘግበኝስ?» የሚል ጎበዝ ይኖራል። ልክ ነው። እኔ ተነስቼ ያንተን ሰርቨር አድራሻ ለሺህ ፊድ ላስመዘግበው እችላለሁ። ስለዚህ ሀቡ ዝም ብሎ አይመዘግብም። አንድ የዘፈቀደ ቃል ወደ አድራሻው ይልካል፣ «በእርግጥ ፈልገህ ከሆነ ይቺን ቃል መልስልኝ» ይላል። ካልመለስክ ምዝገባ የለም። ሲመዘገብ ደግሞ ምስጢር መስጠት ይቻላል። ሀቡ በዚያ ምስጢር እየፈረመ ይልካል፣ የሐሰት ጡሩምባ የሚነፋ ቢመጣ ይታወቃል። ምዝገባው ጊዜ አለው፣ ያልቃል። እንደ እድር ወርኃዊ ክፍያ መታደስ አለበት። ዩቲዩብ ላይ አንድ ቻናል ቪዲዮ ሲለጥፍ በዚህ መንገድ ማወቅ ትችላላችሁ። ቤታችሁ ሄዳችሁ ሞክሩት፣ ደስ ይላል።

ታዲያ እኔ አፔ ላይ ዌብሰብ ተከልኩ? ለስልኮቹ አልተከልኩም። ለምን? ስልክ አድራሻ የለውም። አውታረ መረቡ ውስጥ ተሸፍኖ ነው ያለው፣ ሀቡ ከውጭ ሊያንኳኳው አይችልም። ዌብሰብ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ነው። ለስልኮቹ የስልኩን የራሱን ኖቲፊኬሽን ተጠቀምኩ። ዌብሰብን ያደረግሁት ዋጋችንን እየወሰዱ ለሚለጥፉ ሁለት ድረ ገጾች ነው።

ከሁለቱ አንዱ ጋ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰርቨራቸው ቢሮ ውስጥ ነበር። መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ጠፋ። በዚያ መሃል ምዝገባው ጊዜው አለፈ። የሚያድሰው ኮድ አንዴ ሞክሮ አልሆነለትም፣ ተወው። ሲመለሱ ሁሉም ነገር ጤነኛ ነው። ስህተት የለም፣ ቀይ መብራት የለም። ዝም። አራት ቀን ሙሉ የድሮ ዋጋ ለጥፈው ተቀመጡ። ማንም አላወቀም። ለምን አይታወቅም? ሲያንኳኩ መልስ ማጣት ይታወቃል። ጡሩምባ ሳይነፋ ሲቀር ግን ምን ማለት ነው? ሰው አልሞተም ማለት ነው? ወይስ የሞተው ጡሩምባ ነፊው ነው?

ስለዚህ ጡሩምባ ተክላችኋል ብላችሁ ማንኳኳቱን ሙሉ በሙሉ አትተዉት። በየደቂቃው አላልኩም! በየሁለት ሰዓቱ፣ በኢታግ፣ በጨዋ ደንብ። «ሁሉ ሰላም ነው?» ብሎ መመለስ። እኔ እንዲያውም የምለው ሌላ ነው። ትንሽ ድረ ገጽ ያለው ሰው ሀብ ለመትከል ሲሮጥ አያለሁ፤ ኢታጉ ግን አይሠራም፣ ፊዱ በየጥያቄው ከዳታቤዝ ይጋገራል። ለ300 ሰው ሀብ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ የጎረቤትን በር በደንቡ ማንኳኳት እንልመድ። አብዛኛው ችግር እዚያ ላይ ያልቃል። የኔ ካለቀ በኋላ ስልኩ ላይ በቀን ከአንድ ሜጋባይት በታች ሆነ። ከ86!

ሀጂን እንደገና አገኘኋቸው። በዚሁ በጅማ፣ ጂረን መውጫው ላይ። ሮጬ ሄድኩ፣ ሰላም አልኳቸው። አሁን እንኳ ይመርቁኛል ብዬ።

«ካርዱስ ሀጂ፣ እንዴት ሆነ?»

«ካርዱ ደህና ነው» አሉኝ። «አፑ ግን ዝም አለ። ጠዋት ዋጋ አይቼ እስከ ማታ ድምፅ የለውም። ሞቷል እንዴ? እኔማ ልጄን አጥፋው ልለው ነበር።»

አያችሁ? ቅድም ካርድ ሲበላ እየሠራ መሆኑን ያውቁ ነበር። አሁን ዝም ሲል ሞተ። እዚያው ቆሜ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ እሳቸውም ሳቁ። ቤት ገብቼ አንዲት መስመር ጨመርኩ። አፑ ግርጌ ላይ በትንሽ ጽሑፍ «መጨረሻ የተጠየቀው ከ40 ደቂቃ በፊት፣ አዲስ ነገር የለም» ትላለች። ከሠራሁት ሁሉ ሰው የወደዳት እሷን ነው።

እሺ፣ ላፕቶፕ የያዛችሁ ወደ ፊት ቀረብ በሉ። የየራሳችሁን ድረ ገጽ ፊድ ከርል በሚባለው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ እንጠይቀዋለን፣ ኢታጉን ገልብጠን መልሰን እንልከዋለን። 304 ያመጣ ይቀመጥ። 200 ያመጣ እጁን ያውጣ፣ አብረን ያችን የሰዓት መስመር እንፈልጋታለን። ኤክስቴንሽኑ እዚህ ግድግዳው ጋ ነው። ሁላችሁም አንድ ላይ ግን አትሰኩ።